«አዲስ መድኃኒት ተገኘ» ከማለታችን በፊት

ጥሬ ቡና እንደ ተቆላ ቡና አይሸትም። ያ ከቤት አልፎ ጎረቤት የሚጠራው ሽታ የሚወለደው ምጣዱ ላይ ነው። እሳቱ ሲበረታ በፍሬው ውስጥ ያሉት ስኳሮችና የፕሮቲን ቅንጣቶች ተዋህደው ቀድሞ ያልነበሩ ነገሮችን ይፈጥራሉ። ኬሚስቶች ፒራዚንና ፉራን የሚሏቸው ውህዶች ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ፤ ሁለቱም ሄትሮሳይክሊክ የሚባለው ትልቅ ቤተሰብ አባላት ናቸው። እንግዲህ ቡና ቆልቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሄትሮሳይክሊክ ውህድ ሠርቷል።

ይህን ያስቀደምኩት ስሙ እንዳያስፈራ ብዬ ነው። «ተመራማሪዎች ብግነትን የሚያጠፋ አዲስ ሄትሮሳይክሊክ ውህድ ሠሩ» የሚል ዜና በየጊዜው እንሰማለን። የሰማው ሰው ወዲያው «የት ይገኛል? ዋጋውስ ስንት ነው?» ይላል። ጥያቄውን አከብረዋለሁ፤ ከጀርባው ቁርጥማት እንቅልፍ የነሳት እናት ወይም ወገቡን ይዞ የሚነሳ አባት አለ። በዜናውና በፋርማሲው መደርደሪያ መካከል ያለው መንገድ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ ተረቱ የሚበቅለውም እዚያ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ተረት፦ «ሰው ሠራሽ ኬሚካል መርዝ ነው፤ የተፈጥሮው አይጎዳም»

የካርቦን አቶሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሲሠሩ ቀለበት ይባላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ወይም ሁለቱ ወጥተው በቦታቸው ናይትሮጂን፣ ኦክስጅን ወይም ድኝ ሲገባ ቀለበቱ ሄትሮሳይክሊክ ይሆናል። «ሄትሮ» በግሪክኛ «ሌላ» ማለት ነው፤ ከካርቦን ሌላ እንግዳ የገባበት ቀለበት እንደማለት።

ይህ እንግዳ በላብራቶሪ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ሁለት የተጣበቁ ቀለበቶችና በውስጣቸው አራት ናይትሮጂኖች አሉት። ቁንዶ በርበሬ ምላስን የሚያቃጥለው ፒፐሪን በሚባል ሄትሮሳይክሊክ ውህድ ነው። ዘረመላችን የተጻፈባቸው አራቱ የዲኤንኤ ፊደላት ከነዚሁ ቀለበቶች የተሠሩ ናቸው። ትንኝ የነከሰን ቦታ የሚቀላውና የሚያሳክከው ሰውነታችን ሂስታሚን ስለሚለቅ ነው፤ ሂስታሚንም ናይትሮጂን ያለበት ቀለበት ይዟል። ብግነትን ለመለኮስ ሰውነት ራሱ ሄትሮሳይክሊክ ውህድ ይጠቀማል ማለት ነው። ብግነትን ለማብረድ በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ መፈለግም ከዚህ አንጻር እንግዳ ነገር አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ቆጠራ እንዳሳየው፣ በአሜሪካ የተፈቀዱ ትናንሽ ሞለኪውል መድኃኒቶች 59 በመቶ የሚሆኑት ናይትሮጂን የገባበት ቀለበት አላቸው።

የተፈጥሮ መሆን ደግሞ ዋስትና አይሆንም። ስትሪክኒን ከዛፍ ፍሬ የሚገኝ፣ ሰው ያልሠራው ሄትሮሳይክሊክ ውህድ ነው፤ ጡንቻን አኮማትሮ ይገድላል። ስለ አንድ ውህድ መጠየቅ ያለበት በምን መጠን፣ የት ገብቶ፣ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ከቅጠል ይምጣ ከብልቃጥ፣ ጥያቄው አይለወጥም።

ተረት፦ «ብግነት በሽታ ነው፤ አንቲባዮቲክ ያጠፋዋል»

ብግነት ሰውነት ለጉዳት የሚሰጠው መልስ ነው። መቅላት፣ መሞቅ፣ ማበጥና መታመም ምልክቶቹ ናቸው። ጀርም ሲገባ ይነሳል፤ እግር ሲወለምም ይነሳል፤ በቁርጥማት በሽታ ደግሞ የገባ ጠላት ሳይኖር የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ያጠቃል። አንቲባዮቲክ የሚገድለው ባክቴሪያን ነው። ባክቴሪያ በሌለበት የወለመ እግር ላይ የሚያደርገው ነገር የለም።

ተረት፦ «መርፌው ይሻላል፣ ጨጓራ አይነካም»

ይህ ተረት በየመንደሩ ስላለና ሰው ስለሚጎዳ ትንሽ ልቆይበት። የብግነት ማስታገሻ ጨጓራን ያማል የሚለው እውነት ነው፤ ተረቱ ያለው ለምን እንደሚያም በሚሰጠው ምክንያት ላይ ነው። ብዙ ሰው ክኒኑ ጨጓራ ላይ አርፎ የሚፍቀው ይመስለዋል። እውነት እንደዚያ ብቻ ቢሆን ኖሮ መርፌ መፍትሔ በሆነ ነበር።

እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳየው ሌላ ነው። አስፒሪንና መሰሎቹ ሳይክሎኦክሲጅኔዝ፣ ባጭሩ ኮክስ፣ የሚባለውን ኢንዛይም ያግዳሉ። ይህ ኢንዛይም ፕሮስታግላንዲን የተባሉትን መልእክተኞች ይሠራል፤ እነሱም ሕመምን፣ ትኩሳትንና እብጠትን ያባብሳሉ። ለዚህ ሥራው ቬን ከሁለት ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ጋር በ1982 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ችግሩ እነዚሁ ፕሮስታግላንዲኖች ጨጓራ ላይ በጎ ሥራም ያላቸው መሆኑ ነው፤ ግድግዳውን ከራሱ አሲድ የሚከላከለውን ሽፋን ይጠብቃሉ። መድኃኒቱ በደም ዞሮ ጨጓራ ሲደርስ ያን ጥበቃ ያነሳል። በአፍ ቢዋጥም በዳሌ ቢወጋም ደም ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ከዚሁ ወገን የሆነውን የዲክሎፌናክ መርፌ በየጊዜው የሚወጋ፣ በተለይ በዕድሜ የገፋ ወይም ቀድሞ የጨጓራ ቁስል የነበረበት ሰው ለደም መፍሰስ የተጋለጠ ነው፤ ኩላሊቱም እንዲሁ። ከውጭ አገር ዘመድ በትልቅ ጠርሙስ የሚልከው አድቪልም ከዚሁ ወገን የሆነው አይቡፕሮፌን ነው፤ ከዲክሎፌናክ ጋር ደርቦ መውሰድ ያንኑ ጉዳት ያበዛል።

ጨጓራን ሳይነካ ብግነትን ብቻ የሚያበርድ መድኃኒት ፍለጋ የተጀመረው ከዚሁ ችግር ነው። አዲስ ውህድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማየትም ከዚህ ፍለጋ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ተረት፦ «ውህዱ ተሠራ ማለት መድኃኒቱ ተገኘ ማለት ነው»

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኮክስ አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑ ታወቀ። ኮክስ-1 ጨጓራን እንደ መጠበቅ ባሉ የዘወትር ሥራዎች ላይ ያለ ነው፤ ኮክስ-2 በዋናነት ጉዳት ሲደርስ የሚጠራ ነው። ሁለቱ መንትያ ይመስላሉ። ልዩነታቸው ያለው ውህዱ በሚገባበት ዋሻ ግድግዳ ላይ ነው፤ 523ኛው ቦታ ላይ ኮክስ-1 አይሶሉሲን ሲኖረው ኮክስ-2 በአንድ ካርቦን የምታንሰው ቫሊን አለችው። በዚያች አንዲት ካርቦን ክፍተት ኮክስ-2 ውስጥ አንድ የጎን ጓዳ ይከፈታል። ወደ ጓዳው የሚዘረጋ ክንድ ያለው ውህድ ቢሠራ ኮክስ-2ን ለይቶ ሊይዝ ይችላል።

ሰርል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኬሚስቶች ይህን ክንድ የሚሸከም ግንድ አድርገው የመረጡት ፒራዞልን ነው፤ አምስት አቶም ያለው፣ ሁለቱ ናይትሮጂን የሆኑ ቀለበት። አሠራሩ ለማስተርስ ተማሪ የሚከብድ አይደለም። በመጀመሪያ ሁለት ቀላል ውህዶችን አጋጥሞ ሁለት ኦክስጅን የተሸከመ ሰንሰለት ማግኘት ነው። ቀጥሎ ሰልፎናማይድ የሚባለውን ክንድ ከያዘ ሃይድራዚን ጋር በኢታኖል ውስጥ ማፍላት ነው። የሃይድራዚኑ ሁለት ናይትሮጂኖች ሰንሰለቱን ከሁለት ወገን ይዘው ቀለበቱን ይዘጉታል።

ጥንቃቄው ያለው ቀለበቱ በየት በኩል እንደሚዘጋ ላይ ነው። ሃይድራዚኑ በአንደኛው ጫፉ ቢጀምር አንድ ውህድ፣ በሌላው ቢጀምር ሌላ ውህድ ይወጣል። ሁለቱ አንድ ዓይነት አቶሞችና አንድ ዓይነት ክብደት አላቸው፤ ቀለበቱ የተሸከማቸው ቅርንጫፎች ብቻ ቦታ ተለዋውጠዋል። ሃይድራዚኑን በጨው መልኩ መጠቀም ተፈላጊው እንዲያመዝን ያደርጋል። ብልቃጡ ሥር የሚቀረው ነጭ ዱቄት ግን የትኛው መሆኑን አይናገርም። ስለዚህ ኬሚስቱ በኤንኤምአር መሣሪያ እያንዳንዱ ሃይድሮጂን የት እንደተቀመጠ ያያል፤ ክብደቱን ይለካል፤ ዱቄቱ በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥ ይመዘግባል፤ ንጽሕናውን ያረጋግጣል። ይህ ሥራ አሰልቺ ይመስላል። ነገር ግን ያልጸዳ ዱቄት ላይ የተገኘ ውጤት የውህዱ ይሁን የቆሻሻው አይታወቅም፤ ከዚያ በኋላ የሚገነባው ሁሉ አሸዋ ላይ ይቆማል።

ከሰርል ቀደምት ውህዶች አንዱ በአንድ ጫፉ ላይ ክሎሪን ነበረው። ኮክስ-2ን በጣም ለይቶ ይይዝ ነበር። በሙከራ እንስሳት ሰውነት ውስጥ ግን ከመጠን በላይ ቆየ፤ ጉበት የሚነክስበት ቦታ አላገኘም። ሰውነት የማያስወጣው መድኃኒት በየቀኑ ሲወሰድ ይጠራቀማል። ኬሚስቶቹ ክሎሪኑን አንስተው ሜቲል፣ ማለትም አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን፣ ተኩ። ጉበት ሜቲልን ኦክስጅን ጨምሮበት ወደሚወገድ መልክ መለወጥ ይችላል። በዚህ መንገድ የመጣው ውህድ ዛሬ ሴሌኮክሲብ የምንለው ነው፤ ሰው ውስጥ መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ 11 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። አሜሪካ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 1998 ነው።

ልብ ካላችሁ፣ ክሎሪን የያዘው ውህድ ኢንዛይሙን በማገድ ረገድ ምንም አልጎደለውም ነበር። በዜና ቢወጣ ኖሮ «አዲስ ፀረ ብግነት መድኃኒት ተገኘ» ይባልለት ነበር።

ተረት፦ «አይጥ ላይ ከሠራ ሰው ላይም ይሠራል»

ስለ አዲስ ፀረ ብግነት ውህዶች የሚታተሙ ጥናቶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ሙከራ ላይ ይቆማሉ። ካራጂናን ከቀይ የባሕር አረም የሚወጣ፣ ፈሳሽን የሚያወፍር ነገር ነው። ጥቂቱ በአይጥ መርገጫ ሥር ሲወጋ እግሩ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያብጣል። ውህዱ አስቀድሞ ለአንዱ ቡድን ይሰጣል፤ ለሌላው ባዶ ፈሳሽ፣ ለሦስተኛው እንደ ኢንዶሜታሲን ያለ የታወቀ መድኃኒት። ከዚያ የእግሩ መጠን በየሰዓቱ ይለካል። ሙከራውን እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተሙት የመርክ ኩባንያ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ኢንዶሜታሲንም የተገኘው በዚያው ኩባንያና በዚያው ዘመን ነው። ኢንዶሜታሲን ራሱ ኢንዶል የሚባል ሄትሮሳይክሊክ ቀለበት አለው።

ሙከራው ጥሩ ወንፊት ነው። ወንፊት ግን የሚይዘው እንደ ቀዳዳው ነው። በኋለኞቹ ሰዓታት እብጠቱን የሚነዳው በአብዛኛው ፕሮስታግላንዲን ስለሆነ ሙከራው ከሁሉ በላይ የሚያገኘው የኮክስ አጋጆችን፣ ማለትም የነበሩትን መድኃኒቶች ዘመዶች ነው። ለዓመታት መገጣጠሚያን የሚበላ ቁርጥማት ከአምስት ሰዓት እብጠት ጋር አንድ አይደለም። ሌላም ጉዳይ አለ፤ ውህዱ ራሱ ሆድ ዕቃን የሚያቆስል ከሆነ የእግሩ እብጠት በዚያ ምክንያት ሊቀንስ ይችላል። ጉዳት እንደ ፈውስ ይነበባል ማለት ነው። እንስሳቱ ስቃይ ስለሚደርስባቸው ደግሞ እንዲህ ያለውን ሙከራ በደንብ ሳያቅዱ ማካሄድ ከብክነትም የከፋ ነው።

ከአይጡ በፊት ያለው የብልቃጥ ሙከራም የራሱ ወጥመድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የትኛውም ኢንዛይም ፊት ቢቀርቡ የሠሩ የሚመስሉ ውህዶችን ለይተው አሳተሙ። አንዳንዶቹ ቀለማቸው መሣሪያውን ያሳስታል፤ አንዳንዶቹ ካገኙት ፕሮቲን ሁሉ ጋር ይጣበቃሉ። ሮዳኒን፣ ድኝና ናይትሮጂን ያለበት ባለ አምስት አቶም ቀለበት፣ ከእነዚህ ዋነኛ ተጠቃሽ ነው። እስከ ዛሬም ለመሥራት ቀላል ስለሆነ በየላብራቶሪው ይሠራል፤ ለሁሉም በሽታ ተስፋ ሰጪ እየተባለ ይታተማል። በኮምፒውተር ውህዱን ከኢንዛይሙ ዋሻ ጋር አግጥሞ የሚያሳይ ባለቀለም ሥዕልም እንዲሁ ነው። ሥዕሉ የሚነግረን ምን መሞከር እንዳለበት ነው፤ መሥራቱን አያረጋግጥም።

ስለዚህ ዜናውን ስሰማ የምጠይቀው ይህን ነው፦ የተገኘው በብልቃጥ ነው፣ በአይጥ ነው ወይስ በሰው? ኮክስ-1ን ሳይነካ ኮክስ-2ን ያገደው በስንት እጥፍ ልዩነት ነው? የጨጓራው ግድግዳ ታይቷል? ከአንድ የታወቀ መድኃኒት ጋር በእኩል መጠን ተወዳድሯል? ይህን ሁሉ አልፈው ወደ ሰው ሙከራ ከሚደርሱት ውህዶች እንኳ በመጨረሻ የሚፈቀደው ከአሥር አንድ ገደማ ነው።

ተረት፦ «አዲሱ ሁልጊዜ ከአሮጌው ይበልጣል»

ሴሌኮክሲብ በተፈቀደ በጥቂት ወራት፣ በግንቦት 1999፣ ሮፌኮክሲብ መጣ፤ የገበያ ስሙ ቫዮክስ። ኦክስጅን ያለበት የፉራኖን ቀለበት አለው፤ ኮክስ-2ን ከሴሌኮክሲብም በላይ ለይቶ ያግዳል። ቪጎር በተባለው፣ 8,076 የቁርጥማት ሕመምተኞች በተሳተፉበት ጥናት ጨጓራን ከነባሩ ማስታገሻ ከናፕሮክሲን በእጅጉ ያነሰ ጎዳ። የተፈለገው ተገኘ።

በዚያው በ2000 በታተመው ጥናት ውስጥ ግን ሌላ ቁጥር ነበር፤ ድንገተኛ የልብ ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች በናፕሮክሲን 0.1 በመቶ፣ በሮፌኮክሲብ 0.4 በመቶ። «ናፕሮክሲን ልብን ጠብቆ ይሆናል» ተብሎ ታለፈ። አራት ዓመት ቆይቶ ከባዶ ክኒን ጋር የተወዳደረበት ሌላ ጥናት አደጋው ከመድኃኒቱ መሆኑን አሳየ፤ ከ18 ወር አጠቃቀም በኋላ ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ። አምራቹ መርክ መስከረም 30 ቀን 2004 ቫዮክስን ከዓለም ገበያ አነሳ። እስከዚያ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ወስደውታል።

ምክንያቱ ከዚያው መንትያ ኢንዛይም ይመነጫል። የደም ሥር ግድግዳ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ፕሮስታሳይክሊን በዋናነት የሚሠራው በኮክስ-2 ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ትሮምቦክሴን ደግሞ ፕሌትሌት የሚባሉት የደም ቅንጣቶች በኮክስ-1 ይሠራሉ። ኮክስ-2ን ብቻ ማገድ ሚዛኑን ወደ መርጋት ያዘነብለዋል። ለጨጓራ መዳኛ ይሆናል የተባለው መምረጥ ለልብ አደጋ ሆነ፤ የአይጥ እግር ደግሞ ይህን ሊያሳይ አይችልም።

ከዚያ በኋላ «ኮክሲብ ሁሉ ገዳይ ነው» የሚል ተቃራኒ ተረት ተወለደ። በ2016 የታተመ፣ 24,081 ሰዎችን የያዘ ጥናት ሴሌኮክሲብ በመጠነኛ መጠን ሲሰጥ ለልብ ከአይቡፕሮፌንና ከናፕሮክሲን የከፋ እንዳልሆነ አሳየ። ይህ ማለት ሦስቱም ያለ አደጋ ናቸው ማለት አይደለም። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የትኛውንም በራሱ ፈቃድ ለወራት መዋጥ የለበትም።

ተረት፦ «ያልተሳካ ውህድ ከንቱ ልፋት ነው»

በኖቲንግሃም፣ በቡትስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ስቱዋርት አዳምስ ከ600 በላይ ውህዶችን አስፈትኗል። ከእነሱ ኢቡፌናክ እንግሊዝ ውስጥ ለገበያ እስከመቅረብ ደርሶ ጉበት ስለጎዳ ተነሳ። ኢቡፌናክ ላይ አንዲት ሜቲል ቢጨመር አይቡፕሮፌን ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ ወደቀ፤ አንዱ በዓለም ዙሪያ ብዙ ቤት ገባ። የወደቀው በትክክል ተሠርቶ፣ በትክክል ተለክቶ፣ ውድቀቱም ሳይደበቅ ተመዝግቦ ስለነበር ቀጣዩ ውህድ ላይ ምን መታየት እንዳለበት ታወቀ።

ይህ ለአገራችን ላብራቶሪዎችም ይሠራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ፒራዞልና ኩዊናዞሊኖን ያላቸውን ውህዶች ሠርተው ወባ በያዛቸው አይጦችና ቁንጭርን በሚያመጣው ሌይሽማኒያ ኢትዮፒካ ላይ ፈትነዋል። ከእነዚህ መካከል አንዱም ነገ ፋርማሲ ላይገባ ይችላል። «መድኃኒት ተገኘ» ብለን ስናጋንንላቸው የምንጎዳው ራሳቸውን ነው፤ ያልተባለውን ተስፋ ሰጥተን ሳይሟላ ሲቀር ሕዝቡ ሥራውን ይንቃል። የሠሩት ዱቄቱ ምን እንደሆነ ማረጋገጥና ምን እንዳደረገ በቁጥር መጻፍ ነው። ትልቅ ሥራ ነው፤ ሌላ ስም አያስፈልገውም።

ከዓላማው የሳተ ሥራም ከንቱ አይደለም። ጀርመናዊው ሉድቪግ ኖር እ.ኤ.አ. በ1883 የወባን መድኃኒት ኩዊኒንን የሚመስል ነገር ለመሥራት ተነስቶ ፌኒልሃይድራዚንን ኦክስጅን ከተሸከመ ሰንሰለት ጋር አፈላ። የወጣው ኩዊኒንን አልመሰለም፤ እሱም መጀመሪያ የቀለበቱን ቅርጽ በስሕተት ነበር የገመተው። ከዚያ የተገኘው ውህድ ወባን ባያድንም ትኩሳትን አበረደ፤ አንቲፓይሪን ተብሎ ተሸጠ፤ ከፒራዞል ቤተሰብ የተገኘ የመጀመሪያው መድኃኒት ሆነ። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የሰርል ኬሚስቶች ሴሌኮክሲብን ሲሠሩ ቀለበቱን የዘጉት በዚሁ በኖር ዘዴ ነበር።